የአኒሜሽን ፊልም ፍቅሬን ሙያ ለማድረግ ከየት ልጀምር?

ብርሃንና ጥላ

ጤና ይስጥልኝ። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። የምተዳደረው በሒሳብ መዝገብ ያዥነት ሲሆን ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤን ይዞት የኖረው ግን የአኒሜሽን ፊልም ነው። የምወደውን ፊልም አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ እየመላለስኩ አያለሁ፤ ከታሪኩም ይልቅ የሚይዘኝ ትንንሹ ነገር ነው። ገጸ ባሕርይዋ ከወንበር ከመነሣቷ በፊት ትከሻዋን ወደ ፊት የምትጥልበት መንገድ፣ የረጠበ ቀሚስ ከደረቅ ቀሚስ ተለይቶ የሚከብድበት ሁኔታ፣ አንድ ሽማግሌ በሩን ከፍቶ እስኪገባ ድረስ ያለው ዝምታ። እነዚህን ባየሁ ቁጥር ይህን ቁጭ ብሎ የሠራ ሰው እንዳለ አስባለሁ፤ ያ ሰው እኔ ብሆን እያልኩም እመኛለሁ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ማታ ማታ እሥላለሁ። የሥዕል ችሎታዬ መካከለኛ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ፊትና እጅ ይቸግረኛል። ለአሥር ደቂቃ ፊልም የሚሆን ታሪክ ጽፌ የገጸ ባሕርያቱን መልክ ከጨረስኩ በኋላ የመጀመሪያውን ትዕይንት ጀመርኩና አርባ ያህል ሥዕል ሠርቼ ቆምኩ። ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ክፉ አይደሉም፤ በተከታታይ ሲሄዱ ግን ገጸ ባሕርይዋ የምትራመድ ሳይሆን መሬት ሳትነካ የምትንሸራተት ትመስላለች። ምክንያቱን ባለማወቄ እንደገና ለመጀመር ፈርቼ ፋይሉን ከከፈትኩት ስድስት ወር አልፎኛል።

በቱዲ (በጠፍጣፋ ሥዕል) ልጀምር ወይስ በስሪዲ (በኮምፒውተር በሚሠራ ጥልቀት ባለው ምስል)? ሥራ ለማግኘት በዘርፉ ትምህርት ቤት ገብቶ መመረቅ ግዴታ ነው? ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው፦ ፊልም ማየት መውደድና ፊልም መሥራት መውደድ አንድ ባይሆኑስ? የማየቱ ፍቅር አታልሎኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ልምድ ያላችሁ ብትመልሱልኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ፍሬም ቆጣሪ

ልጄ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ ስለማልቀር አንቺ ማለቴን በክፉ አትይብኝ። በወረቀት ጀምሬ ኋላ ወደ ኮምፒውተር የተሻገርኩ የቱዲ አኒሜተር ነኝ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ እነሣለሁ፤ እርሱ ሳይመለስ ሌሎቹን መመለስ ዋጋ የለውምና።

ተመልካች የሚወደው ዘጠና ደቂቃውን ነው፤ አኒሜተር ግን አንዷን ሴኮንድ ለቀናት መውደድ ይጠበቅበታል። የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ በቁጥር ላስቀምጥልሽ። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ተከታታይ ምስል፣ ይሄዳል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እያቆየን ብንሠራ፣ እኛ «በሁለት መሥራት» የምንለው ነው፣ ለአንድ ሴኮንድ 12 ሥዕል ያስፈልጋል። የአንቺ አሥር ደቂቃ 600 ሴኮንድ ስለሆነ 7,200 ሥዕል ይሆናል ማለት ነው። ማታ ማታ አሥር አሥር ሥዕል ብትጨርሺ፣ አንድም ቀን ሳታርፊ፣ 720 ሌሊት ይፈጅብሻል። እርግጥ ገጸ ባሕርይዋ ዝም ብላ በምትቆምበት ቦታ ያው ሥዕል ስለሚቆይ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የጀርባውን ሥዕል፣ ቀለሙን፣ ድምፁንና የተበላሸውን ደግሞ መሥራትን ስትጨምሪበት ያተረፍሽው ሁሉ ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ ያቆምሽው በስንፍና ወይም ፍቅርሽ የውሸት ሆኖ አይደለም። የሁለት ዓመት ሥራ በመጀመሪያው ልምምድሽ ላይ ስለጫንሽበት ነው።

አሁን ወደ መንሸራተቱ እንምጣ። ሥራሽን ሳላይ መናገር ቢከብድም፣ እንዲህ ያለው ነገር በጀማሪ ሥራ ላይ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው መሬት የረገጠው እግር ቦታውን አለመጠበቁ ነው። ሰው ሲራመድ የረገጠው እግር ተተክሎ ይቆያል፤ በላዩ የሚያልፈው ሰውነቱ ነው። ያ እግር ከሥዕል ወደ ሥዕል ጥቂት እንኳ ከተንፏቀቀ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ሁለተኛው ዳሌዋና ጭንቅላቷ ከመጀመሪያው ሥዕል እስከ መጨረሻው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መጓዛቸው ነው። አንድ እርምጃ አራት ዋና አቋሞች አሉት፦ ተረከዝ መሬት የሚነካበት፣ ክብደት በፊተኛው እግር ላይ አርፎ ሰውነት ዝቅ የሚልበት፣ የኋለኛው እግር በቆመው አጠገብ የሚያልፍበት፣ ከዚያም ሰውነት ከፍ ብሎ ወደ ሚቀጥለው እርምጃ የሚወድቅበት። መራመድ እየወደቁ ራስን መያዝ ነው ማለት ይቻላል። ዝቅና ከፍ ማለቱ ከሌለ ክብደት አይታይም፤ ክብደት የሌለው ነገር ደግሞ ይንሸራተታል። ለመደበኛ እርምጃ ከአንዱ ተረከዝ እስከ ሌላው ተረከዝ 12 ፍሬም፣ ማለትም ግማሽ ሴኮንድ፣ ጥሩ መነሻ ነው።

ይሁን እንጂ እርምጃውን ለጊዜው አቆዪው። በአንድ ኳስ ጀምሪ። ኳስ ስልሽ የልጅ ሥራ አይምሰልሽ፤ ጊዜን፣ ክብደትንና የርቀት አከፋፈልን አንድ ላይ የሚያስተምር ሌላ ልምምድ አላውቅም። ከአንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲሜትር ከፍታ የተለቀቀ ኳስ መሬት ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል፤ 12 ፍሬም ነው። ከዚያ ከፍታ ሩቡ ብቻ፣ ማለትም ሠላሳ ሳንቲሜትር፣ ለመውደቅ ግን ሩብ ሴኮንድ፣ 6 ፍሬም ይበቃዋል። ከፍታው በአራት ሲካፈል ጊዜው በሁለት ብቻ እንደሚካፈል ልብ በዪ፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሲወርድም ርቀቱ እኩል አይደለም፦ በመጀመሪያው ጊዜ አንድ እጅ ከወደቀ በሚቀጥለው እኩል ጊዜ ሦስት እጅ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሰባት ይወድቃል። ላይ ሥዕሎቹ ተቃርበው፣ ታች ተራርቀው መታየት ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ኳሱ በሚገባ ከነጠረልሽ በኋላ ፔንዱለም (ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ነገር)፣ ከዚያም ዱቄት የሞላበት ከረጢት አንቀሳቅሺ፤ ከረጢቱ ፊትም እጅም ስለሌለው ሐዘኑንና ደስታውን በወገቡና በማዕዘኖቹ ብቻ መግለጽ ይኖርብሻል።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። የዲዝኒ አኒሜተሮች የነበሩት ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ሙያውን በ12 መርሆዎች አስቀምጠውታል፤ መጨፍለቅና መለጠጥ፣ ከድርጊት በፊት የሚመጣ መሰናዶ፣ ቅስት፣ ቀስ ብሎ መነሣትና ቀስ ብሎ መቆም የሚባሉት ሁሉ በዚያ ይገኛሉ። አንቺ በትከሻዋ ላይ ያየሽው መሰናዶ የሚባለው ነው፤ ስሙን ሳታውቂ አይተሽዋል።

ፊልም የምታዪበትንም መንገድ ለውጪ። ፊልሙን አሥራ ስድስተኛ ጊዜ ከማየት ሦስት ሴኮንዱን ምረጪና ፍሬም በፍሬም እያራመድሽ፣ እያንዳንዱ አቋም ለስንት ፍሬም እንደቆየ በወረቀት መዝግቢ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ስፓይደር-ማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደር-ቨርስ» በዚህ መንገድ ያየ ሰው፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ማይልስ ገና ጀማሪ ሳለ በሁለት ሲንቀሳቀስ በጫካው ውስጥ አብሮት የሚወነጨፈው ልምድ ያለው ሌላው ስፓይደር-ማን ፒተር ግን በአንድ፣ ማለትም በየፍሬሙ፣ እንደሚንቀሳቀስ ያገኛል። ተመልካቹ አንዱ ሲደናቀፍ ሌላው ሲፈስ ይሰማዋል፤ ምክንያቱን ግን የሚያውቀው የቆጠረ ብቻ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ አንድ ሳምንት ኳስ ስታነጥሪ ሰንብተሽ፣ ከተኛሽ በኋላ ሰባተኛው ፍሬም ትንሽ ዝቅ ማለት እንዳለበት ትዝ ብሎሽ ብትነሺ፣ ማየቱ አላታለለሽም።

አጥንትና ጅማት

ከላይ የተሰጠው ምላሽ ብዙ ሰው በክፍያ የማያገኘው ትምህርት ነው። እኔ በስሪዲ ፊልም ሪግ የምሠራ ሰው ነኝ፤ የገጸ ባሕርይውን የውስጥ አጥንትና አኒሜተሩ የሚይዛቸውን መቆጣጠሪያዎች አዘጋጃለሁ ማለት ነው። በሁለት ነገር ላይ ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ።

ጠያቂያችን፣ የጻፏቸውን ሦስት ምሳሌዎች እንደገና ቢያነቧቸው ሦስቱ በሦስት የተለያዩ ሰዎች የሚሠሩ መሆናቸውን ያያሉ። ትከሻዋን ወደ ፊት የምትጥለው በአኒሜተሩ ነው። የረጠበውን ቀሚስ ያከበደው፣ ፊልሙ ስሪዲ ከሆነ፣ የልብስና የፀጉር ሲሙሌሽን (እንቅስቃሴውን በኮምፒውተር ማስላት) የሚሠራው ባለሙያ ነው። ሽማግሌው በሩን ከፍቶ እስኪገባ ያለው ዝምታ ግን ገና አንድም እንቅስቃሴ ሳይሠራ በስቶሪቦርድ፣ ማለትም ታሪኩ ትዕይንት በትዕይንት በሻካራ ሥዕል በሚዘረጋበት፣ እና በአኒማቲክ ላይ የተወሰነ ነው፤ አኒማቲክ የስቶሪቦርዱ ሥዕሎች ከጊዜያዊ ድምፅ ጋር በትክክለኛ ጊዜያቸው ተደርድረው የሚታዩበት ነው። ስለዚህ የኳሱ ልምምድ ቢያሰለችዎ ከዘርፉ መውጣት አለብኝ ብለው እንዳይደመድሙ እለምንዎታለሁ። ኳሱን ጨርሶ ወደ ታሪኩ ለመሮጥ የሚቸኩል ሰው ምናልባት የስቶሪቦርድ ሰው ነው። ኳሱን ከማንቀሳቀስ ይልቅ ኳሱ ሲጨፈለቅ ይዘቱን እንዳይለውጥ የሚያደርግ መሣሪያ መሥራት የሚያምረው ደግሞ፣ እንደኔ፣ ሪግ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። እኔም አኒሜተር ልሆን ነበር የገባሁት።

ሁለተኛው ልዩነቴ ልምምዱን ከፊልም መለየትን ይመለከታል። ኳስ፣ ፔንዱለም፣ ከረጢት እያለ ዓመት የሚያልፍበት ሰው አይቻለሁ፤ የጨረሰው ነገር ስለሌለ ምንም የሚያሳየው አልነበረውም። የአሥር ደቂቃውን ታሪክ በክብር አስቀምጠው የሃያ ሴኮንድ ታሪክ ያስቡ፤ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ቦታ፣ ንግግር የሌለበት። ከርእስ እስከ ድምፅ ድረስ ይጨርሱት። የመጨረስ ልማድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በልምምድ ብዛት አይመጣም።

ቱዲ ወይስ ስሪዲ ለሚለው፣ መርሆዎቹ አንድ መሆናቸውን የፒክሳሩ አኒሜተር ጆን ላሲተር እ.ኤ.አ. በ1987 ባቀረበው ጽሑፍ አሳይቷል፤ የእጅ ሥዕሉን መርሆዎች አንድ በአንድ እየወሰደ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚሠሩ ያብራራበት ነው። ስለዚህ በአንዱ የተማሩት በሌላው አይባክንም። ፊትና እጅ መሣል ይቸግረኛል ላሉት፣ በስሪዲ እጅን በየፍሬሙ አይሥሉትም፤ ሆኖም የእጁ አቋም ምን እንደሚናገር ማወቅ ግድ ነው፣ ለዚህም በመስመር ብቻ የተሠራ ፈጣን የአቋም ንድፍ ይበቃል። ሥዕልን በመቀስ የተካም አለ፦ ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር እ.ኤ.አ. በ1926 ለዕይታ ያበቃችውን «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» የሠራችው ከወረቀት በቆረጠቻቸው ጥላ መሰል ምስሎች ነው፤ ይህም እስከ ዛሬ ከተረፉት ረጃጅም የአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚው ነው።

ስለ መሣሪያ ብዙ አይጨነቁ። ብሌንደር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ምንጩ ክፍት የሆነ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ከስሪዲው በተጨማሪ ግሪስ ፔንስል በሚባለው ክፍሉ በእጅ እየሣሉ ቱዲ መሥራት ያስችላል። ለቱዲ ብቻ ከሆነ ክሪታ ወይም ኦፕንቱንዝ አለ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ነፃ ስለሆኑ ለልጆች መጫወቻ እንዳይመስልዎት፤ የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ «ፍሎው» የተባለውን ፊልም በብሌንደር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2025 የዓመቱ ምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካርን ወስዷል። ከእርሱ በፊት «አዌይ» የተባለውን ሙሉ ፊልም ብቻውን ነው የሠራው፤ ከዚያም በፊት አጫጭር ፊልሞችን። በ«ፍሎው» አንድም ቃል አይነገርም፤ የእርስዎ ትከሻና ዝምታ እዚያ ቦታ ያገኙ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ውል ያስተማረኝ

እኔ ስለ እንጀራው ክፍል ብቻ ልጨምር፤ ፍቅሩን ከላይ ያሉት በቂ አድርገው ጽፈውታል።

ዲግሪ ግዴታ ነው ወይ ለተባለው፣ ቀጣሪ በቅድሚያ የሚያየው ሾውሪልን ነው፤ ማለትም የሥራዎችዎን ማሳያ ቪዲዮ። ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይብቃው፤ ከዚህም ያጠረ ቢሆን አይጎዳም። ምርጡ ሥራ መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚታየው እርሱ ብቻ ነው። በጥርጣሬ ያስገቡት ሥራ ካለ ያውጡት፤ ሰው የሚመዝንዎት በደካማው ነውና። ሪጉ የሌላ ሰው ከሆነ ወይም ትዕይንቱን ከሌሎች ጋር ከሠሩት የእርስዎ ድርሻ የቱ እንደሆነ በግልጽ ይጻፉ። ረጅም መግቢያና የሚሽከረከር ስም አያስፈልግም። ትምህርት ቤት የሚሰጠው ዋናው ጥቅም የማስረከቢያ ቀን፣ ፊት ለፊት የሚነቅፍ መምህርና አብረው የሚያድጉ ጓደኞች ናቸው፤ እነዚህን በሌላ መንገድ ማግኘት ከቻሉ ያለ ዲግሪም ይሄዳሉ። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ለመሥራት ሲታሰብ ለሥራ ፈቃድ ዲግሪ የሚጠይቁ አገሮች ስላሉ ያን ጊዜ ወረቀቱ ዋጋ ያወጣል።

የመዝገብ ሥራዎን አሁን አይልቀቁ። ይህን የምለው አንድ ጊዜ ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ ድርጅት የአርባ ሴኮንድ ማስታወቂያ አዘዘኝ፤ በቃል ተስማምተን ጀመርኩ። እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላ ገጸ ባሕርይው ወንድ መሆኑ ቀርቶ ሴት ይሁን አሉኝ፤ ለእነርሱ ልብስ መቀየር መስሏቸው ነው። ሁለት ወር ደግሜ ሠራሁ፣ የተከፈለኝ የመጀመሪያው ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለ ጽሑፍ አልሠራም። ክፍያውን በሦስት ከፋፍዬ እቀበላለሁ፦ ከመጀመሬ በፊት፣ አኒማቲኩ ሲጸድቅና ሲያልቅ። በውሉም አኒማቲኩ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ለውጥ በተጨማሪ ክፍያ እንደሚሠራ በግልጽ አሰፍራለሁ። ለደንበኛው አኒማቲኩ ሻካራ ሥዕል ነው፤ ለእኛ ግን የቤቱ መሠረት ነው፤ ከርሱ በኋላ ግድግዳ ማዞር ምን ማለት እንደሆነ ቀድሞ ካልተነገረው አያውቅም።

ኮምፒውተር በራሱ ምስል መፍጠር ከጀመረ ወዲህ ይህን ሙያ መጀመር ይገባል ወይ የሚል ጥያቄም አይቀርም፤ ባይጠይቁም። የሚመጣውን አልተነብይም። አንድ የማውቀው ነገር ቢኖር፣ እንቅስቃሴው ለምን ስሕተት እንደሆነ ለይቶ የሚናገር ሰው ካልተገኘ ማንም ይሥራው ማን ስሕተቱ እንዳለ ወደ ተመልካቹ እንደሚሄድ ነው።

ብርሃንና ጥላ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምላሻችሁን ካነበብኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ዝም ያልኩት የማሳየው ነገር እስካገኝ ነው።

የአሥር ደቂቃውን ታሪክ አስቀመጥኩት። ሳስቀምጠው አለቀስኩ ማለት ያሳፍራል፤ እውነቱ ግን እርሱ ነው። የቆጠራውን ልምምድ ለአራት ምሽቶች ሞክሬ ከምወደው ፊልም ሦስት ሴኮንድ መዘገብኩ፤ ትከሻዋ ወደ ፊት የሚሄደው ከመነሣቷ ከ8 ፍሬም በፊት ነው። ያን ያህል ጊዜ አይቼው አንድ ሦስተኛ ሴኮንድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኳሱን የሠራሁት በብሌንደር ነው። ከፍታዎቹንና ፍሬሞቹን እንደተባልኩት አስቀመጥኩ፦ በ1ኛው ፍሬም ከፍታው ጫፍ ላይ፣ በ13ኛው መሬት፣ በ19ኛው የከፍታው ሩብ ላይ፣ በ25ኛው እንደገና መሬት። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ነገር ግን ኳሱ ሲወርድ መሬት ሊደርስ ሲል ይዘገይና፣ ትራስ ላይ እንዳረፈ ሁሉ ለስልሶ ነክቶ ይነሣል። ክብደት የለውም። መጨፍለቅና መለጠጥ ጨመርኩበት፣ ጭራሽ የጄሊ ኳስ ሆነ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ዓይን ስሕተት የሚያየው በምን ምክንያት ነው?

አጥንትና ጅማት

ይህ የእርስዎ ስሕተት አይደለም፤ ፕሮግራሙ ሳይጠየቅ ያደረገልዎ ውለታ ነው። ብሌንደር በሁለት ኪይፍሬሞች፣ ማለትም እርስዎ ራስዎ ቦታቸውን ባስቀመጧቸው ፍሬሞች፣ መካከል ያለውን መንገድ ሲሞላ በነባሪው ቤዚየር የሚባለውን ለስላሳ ኩርባ ይጠቀማል፣ ኩርባው ከፍ ብሎ በሚመለስበትም ሆነ ዝቅ ብሎ በሚመለስበት ነጥብ ላይ መስመሩን ያስተኛዋል። መስመሩ ተኛ ማለት ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ወረደ ማለት ነው። በአየር ላይ ኳሱ ከፍታው ጫፍ ሲደርስ ይህ በትክክል የሚፈለገው ነው። በመሬት ላይ ግን ኳሱ እጅግ የሚፈጥንበት ቅጽበት ስለሆነ ተቃራኒውን አደረገብዎ። የግራፍ ኤዲተሩን፣ ማለትም እንቅስቃሴው በመስመር የሚታይበትን መስኮት፣ ይክፈቱ፤ የከፍታውን ኩርባ ሲያዩ ታች ያሉት ነጥቦች እንደ ሳህን ክብ ሆነው ያገኟቸዋል። የ13ኛውንና የ25ኛውን ነጥብ እጀታዎች፣ ኩርባውን የሚያጣምሙትን መያዣዎች ማለት ነው፣ ቬክተር ወይም ፍሪ ወደሚባለው ዓይነት ይለውጡና የግራውንና የቀኙን እጀታ ለየብቻ ወደ ላይ ይሳቡ፣ ነጥቡ እንደ ጦር ጫፍ እስኪሾል ድረስ። ላይ ያሉትን አይንኳቸው።

ፍሬም ቆጣሪ

በዚያ ላይ፣ ልጄ፣ መጨፍለቁን አሁኑኑ አጥፊው። ኩርባው ሳይስተካከል መጨፍለቅ ማስገባት ወጡ ሳይበስል ቅመም እንደ መጨመር ነው። ጠንካራ ኳስ፣ ጨርሶ የማይጨፈለቅ፣ በትክክል ሲነጥር ካየሽ በኋላ መልሺው፤ ያን ጊዜም የተጨፈለቀው መልክ በ13ኛው ፍሬም ላይ ብቻ ይታይ፣ በ12ኛው ኳሱ ወደ ታች ተለጥጦ ገና መሬት ሳይነካ ይሁን፣ በ14ኛው ደግሞ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ተለጥጦ መሬቱን ለቆ ይነሣ። ሲጨፈለቅ በቁመት ያጣውን በስፋት ማግኘት አለበት፤ አለዚያ ኳሱ አየር የወጣበት ይመስላል።

ለመሆኑ ከመነሣቷ ከ8 ፍሬም በፊት ትከሻዋ ሲሄድ ጭንቅላቷ አብሮ ሄደ ወይስ ወደ ኋላ ቀረ? እርሱንም ቁጠሪና ንገሪኝ።